በሁለት አጥር መካከል

ፍቅር ዕውር ነው ይላሉ። ቅናት ግን ዕውር አይደለም፤ ግድግዳ አልፎ፣ መንገድ ተሻግሮ ያያል። ችግሩ የሌለውንም ጨምሮ ማየቱ ነው።

መርፌን በዚያ ሰሞን የያዛት ይኸው ነበር። መርፌ የወላጆቿ ስያሜ አይደለም፤ በማኅበሩ የስፌት ክፍል ያሉ ሴቶች ያወጡላት ቅጽል ነው፤ አንድም ቅጥነቷን አይተው፣ አንድም ምላሷን ቀምሰው። ማኅበሩ ከእስር የወጡ ሰዎችንና ቤተሰቦቻቸውን በክርስቶስ ስም የሚያቋቁም ነው። በግቢው በአንድ ወገን የእንጨት ሥራ፣ በሌላው ወገን የስፌት ክፍል፣ መሀል ላይ ደግሞ ጣሪያው የሚያፈስ የጸሎት አዳራሽ አለው። የስፌት መኪኖቹን የሰጠችው የመርፌ እናት ናት፤ የታወቀች የጨርቅ ነጋዴ፣ የሴቶቹ የእስር ቤት ጥየቃ ቡድን መሪ፣ አንዴ አይሆንም ካለች የማትመለስ ሴት። ልጇን ከመኪኖቹ ጋር የላከቻት ለሴቶቹ የልብስ ቅድ እንድታስተምር ነው። ከወንዶቹ አንዱን እንድትወድ የላካት የለም።

እሷ ግን ወደደች። የወደደችው አናጢውን ነው። በጉርምስናው ጠብ ገብቶ ሰው አቁስሎ የታሰረ፣ ወጣትነቱን እዚያው ትቶ የወጣ፣ ሲናገር ቃል የሚቆጥብ ሰው። ይህን የነገራት ራሱ ነው፤ በማኅበሩ ደንብ ማንም ማንንም ለምን ታሰርክ ብሎ አይጠይቅም። አንድ ቀን የስፌት መኪናዋን ጠረጴዛ ሊጠግን መጣ። ጠግኖ ሲሄድ በመሳቢያው ውስጥ ቁራጭ ወረቀት ትቶ ሄደ፤ «ጠረጴዛው ድኗል። እኔን እንጃ» ይላል። መርፌ ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ስትስቅ ዋለች። ከዚያ ወዲህ የክፍሉ ጠረጴዛዎች በየሳምንቱ ይሰበሩ ጀመር፤ ወረቀቱም በየሳምንቱ ይመጣ ጀመር። ነገሩን ያላወቀች እናቷ ብቻ ነበረች፤ ወይም ማወቅ አልፈለገችም።

ሐሙስ ሲመጣ ግን የመርፌ ሳቅ ይጠፋል።

ማኅበሩ አንድ ልማድ አለው። እስር ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ተኝተው የኖሩ ሁለት ሰዎች ካሉ፣ ቀድሞ የወጣው የቀረውን ሰው ቤት በአደራ ይረከባል። ጣሪያ ቢያፈስ ይደፍናል፣ ሰው ቢታመም ሐኪም ቤት ያደርሳል፣ ባለቤቱ እስኪፈታ የቤቱ ወንድ እሱ ነው። ይህን የሚረከበው መጋቢው ፊት ቆሞ፣ እጁን መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ጭኖ ነው። አናጢው የተረከበው የሹፌሩን ቤት ነው። ሹፌሩ በዕድሜ ይበልጠዋል፤ እስር ቤት እንደ ታላቅ ወንድም የያዘው እሱ ነበር፤ ለመፈታትም ጥቂት ቀርቶታል። ሚስቱ ደግሞ... እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ሚስቱ ቆንጆ ናት። እንደ ነገሩ ቆንጆ ብትሆን ባልከፋ፤ ስትስቅ ጉንጯ የሚሰረጉድ፣ ስትሄድ መንገደኛ የሚዞርላት ዓይነት ናት። መርፌ አንድ እሑድ በጸሎት መሀል «ጌታ ሆይ፣ ይቺን ትንሽ ብታስቀይማት ምን ነበረበት?» ብላ ራሷ ደነገጠች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አናጢው ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ሥር ሄዶ ይታጠባል። ፊቱን ይታጠባል፣ እጁን ይታጠባል፣ አንገቱን ሳይቀር ይታጠባል። ከዚያ የመሣሪያ ቦርሳውን አንግቶ ወደ ሹፌሩ ቤት ይሄዳል። መርፌ በመስኮት ታየዋለች። ምስማር ለመምታት አንገት መታጠብ ምን ይሉታል?

በዚያ ሐሙስ ክር ልግዛ ብላ ወጣች። ክር የሚሸጥበት ሱቅ ወደ ግራ ነው፤ እግሯ ወደ ቀኝ ወሰዳት። በጠባቡ መንገድ ታጥፋ ከሹፌሩ ቤት ትይዩ ጥግ ይዛ ቆመች። አናጢው መሰላል ላይ ወጥቶ የበሩን ጉበን ያድሳል። የሹፌሩ ሚስት መሰላሉን ይዛለች። ወረደ። ሴትዮዋም እጇን ዘርግታ ከኮሌታው ላይ ሰጋቱራውን አራገፈችለት፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያም ሳቀች። እሱ አልሳቀም፤ ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ።

የመርፌ አንጀት ቅጥል አለ። ንጹሕ ሰው ዓይኑን ለምን ይሰብራል? ክሩን ሳትገዛ ተመለሰች።

በማግስቱ አናጢው በስፌት ክፍሉ በር ብቅ አለ። «ደኅና አደርሽ? ምነው ፊትሽ?»

«ሥራ በዝቶብኛል።»

ትንሽ ቆመ፤ ቀና ብላ እንድታየው ነበር የፈለገው። እሷ ግን ጨርቁን ስትለካ ነበር፤ ያንኑ ጨርቅ ደግማ ደጋግማ። ከሰዓት በኋላ መሳቢያዋን ብትከፍት ቁራጭ ወረቀት አገኘች። «ምን አጠፋሁ?» ይላል። ቀዳድዳ ጣለችው። መልስ ብትጽፍለት ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን መጠየቅ ክብሯ የሚነካ መሰላት፤ የተቃጠለ ሰው ደግሞ ምክር አይሰማም።

ቅዳሜ ሴቶቹ የተማሪ ደንብ ልብስ እየሰፉ ሲጫወቱ አንዷ፣ «የሹፌሩ ሚስት ታድላ፤ ባሏ ሊፈታላት ነው» አለች።

መርፌ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ቢቆይስ ምን ቸገራት? ቤቷ ወንድ አላጣ።»

«ኧረ በስመ አብ! ይቺ ልጅ ስትወጋ!» ብለው ሳቁ። ሁሉም ሳቁ፤ ጥግ ይዛ ቁልፍ የምትተክለው ሴት ብቻ አልሳቀችም። የእሷ ወንድም ከሹፌሩ ጋር አንድ ክፍል ነው የሚተኛው፤ ማግስቱ እሑድ ደግሞ የጥየቃ ቀን ነበር። መርፌ ይህን ያስታወሰችው ማታ አልጋዋ ላይ ሆና ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሮጦ የሚመልሰው የለም።

በሳምንቱ አጋማሽ ላይ መጋቢው ወደ ስፌት ክፍሉ ገባ። ሁልጊዜ ሲገባ ይቀልድ ነበር፤ ያን ቀን ግን ቆመ እንጂ አልቀለደም።

«እህቶቼ፣ ጸልዩ። ሹፌራችን በሚቀጥለው ረቡዕ ይፈታል። ቤቴ ግን አልገባም ብሏል። ‹ቤቴን ሌላ ሰው ይዞታል አሉኝ፤ ከበር እንደወጣሁ ወደማላውቀው ከተማ ነው የምሄደው› ነው የሚለው። ሚስቱም ‹ምን አድርጌው ነው› እያለች ታለቅሳለች። እንዲህ ያለውን ማን እንደነገረው አናውቅም።»

ቁልፍ የምትተክለው ሴት አንገቷን ደፋች። የመርፌ መኪና ቆመ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት።

ሴቶቹ ወደየቤታቸው ሲሄዱ አናጢው መጣ። ፊቱ ጠቁሯል። አልተቀመጠም።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«ማን እንዳወራው አላውቅም። ባላውቅ ይሻለኛል፤ ባውቅ እጄን አላምነውም።»

ዝም ብትል ያልፍ ነበር። ማንም አያወጣባትም፤ ባለቁልፏም ፈሪ ናት። መርፌ ግን ያን የሚወደድ፣ የከሳ ፊት ስታይ ዝም ማለት አቃታት።

«እኔ ነኝ» አለች።

«አንቺ ምን?»

«ያወራሁት እኔ ነኝ። አየኋችሁ። ከኮሌታህ ላይ ሰጋቱራ ስታራግፍልህ አየሁ። ዓይኔ ቀላ፣ ምላሴ ቀደመኝ።»

አናጢው ሁለት እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ፤ እዚያው አቆያቸው። «ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ፈራሁ።»

«ምኑን?»

«አዎ እንዳትለኝ።»

«ብርድ ሲሆን ብርድ ልብሱን ወደ እኔ ይገፋው ነበር» አለ። የሚያወራው ለእሷ አይመስልም። «እስቲ አንተስ ስለው ሞቆኛል ይላል። እየተንቀጠቀጠ ሞቆኛል ይላል። ስወጣ አንድ ነገር ነው ቃል የገባሁለት፤ ቤትህን እንደተውከው ታገኘዋለህ አልኩት። አንድ ነገር!»

«ይቅር በለኝ። አፈር ስሆን።»

«እኔ ምን አለኝ የምልሽ? ቤቱ የፈረሰው የእሱ ነው።»

በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶት ሄደ። ቢያላትመው ይሻላት ነበር። የዚያን ቀን በመሳቢያው ወረቀት አልነበረም፤ በማግስቱም አልነበረም፤ መርፌ ግን ደጋግማ ከፍታ አየች።

እሑድ ጠዋት የጥየቃ ቡድኑ ሚኒባስ ሲነሳ መርፌ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች።

«እኔም እሄዳለሁ፣ እማዬ።»

«አንቺ? ጥየቃ?» እናቷ ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ወትሮ ነይ ስልሽ ራሴን አመመኝ ነበር መልስሽ።»

«ዛሬ አላመመኝም።»

አናጢው ከኋላ ወንበር ተቀምጧል። ከተፈታ ዓመት ያልሞላው ሰው ለጥየቃ አይገባም፤ ያም ሆኖ መጋቢው መልእክት ያደርስልኝ ይሆናል ብሎ በር ድረስ ሊሄድ ነው። መንገዱን ሙሉ በመስኮት ወደ ውጭ ሲያይ ነበር። መርፌም ከፊት ሆና ጀርባዋ ላይ የሚያርፍ ዓይን እየጠበቀች፣ ሳያርፍባት ደረሱ።

የእስር ቤቱ መጠየቂያ ቦታ ሁለት የሽቦ አጥር ነው። ጠያቂ ከዚህኛው፣ ታሳሪ ከዚያኛው ይቆማል፤ መሀሉ ላይ ባለው ክፍት መተላለፊያ ጠባቂ ይመላለሳል። እዚያ ማንሾካሾክ የሚባል ነገር የለም። የልጅ ትኩሳት፣ የቤት ኪራይ መጨመር፣ የሰርግ ወሬ፣ ናፍቆት፣ ሁሉም በጩኸት ነው። አንዷ «አልጋውን ሸጥኩት!» ትላለች፣ ከጎኗ ያለችው «እናትህ ድናለች!» ትላለች፣ መልሱ ተቀላቅሎ ይመጣል።

ሹፌሩ መጋቢው ነው የጠራህ ስላሉት ወጣ። ትከሻው ሰፊ፣ ጢሙ የሸበተ ሰው ነው። የማያውቃት ሴት ስትጠራው ግራ ገባው።

«ማን ነሽ?»

«የማኅበሩ የስፌት አስተማሪ ነኝ!»

«አላውቅሽም!»

«አያውቁኝም! የሚስትዎን ስም ያጠፋሁት እኔ ነኝ!»

«ምን?» እጁን ከጆሮው ኋላ አደረገ።

«የሰሙትን ወሬ ያወራሁት እኔ ነኝ! ውሸት ነው!»

በአቅራቢያዋ ያሉት ዝም አሉ። ሌሎቹም እነዚህ ለምን ዝም አሉ ብለው ዝም አሉ። ጠባቂው ሳይቀር እርምጃውን አቆመ። መርፌ የእናቷን ትንፋሽ ከጀርባዋ ሰማችው።

ሹፌሩ ሽቦውን ጨበጠ። «እሱ ነው የላከሽ?»

«እሱ አያናግረኝም! ያወራሁት እኔ መሆኔን ካወቀ ወዲህ ቀና ብሎ አላየኝም!»

«እና ምን አይተሽ አወራሽ?»

«ከልብሱ ላይ ሰጋቱራ ስታራግፍለት አየሁ! ይኸው ነው!»

«ለዚህ ነው ቤቴን ያፈረስሽው? ምን በደልንሽ? እኔ ምን አደረግኩሽ?»

እንግዲህ ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው። መርፌ ዓይኗን ጨፍና ድምፅዋን የቻለችውን ያህል አወጣችው።

«ስለምወደው ነው! አናጢውን እወደዋለሁ! ሚስትዎ ቆንጆ ናት፣ እኔ ቅናተኛ ነኝ! ቀንቼ ነው ያወራሁት!»

ከታሳሪዎቹ አንዱ አፏጨ። ሌላው «እሰይ!» አለ። አንዲት አሮጊት «እኔ ልሙትልሽ የኔ ልጅ» ብለው ዓይናቸውን ጠረጉ። ሹፌሩ ግን አልሳቀም። ሲናገር ድምፁ ስለወረደ ጠባቂው ራሱ ደገመላት፤ «ቅናት አውቃለሁ ነው የሚልሽ» አላት።

«አውቃለሁ!» አለ ሹፌሩ፣ አሁን ጮክ ብሎ። «አንቺ እንኳን ሄደሽ አይተሻል! እኔ እዚህ ተኝቼ ነው የማየው! መብራት ሲጠፋ ይጀምረኛል! ማን በሩን አንኳኳ፣ ማንን ስቃ ተቀበለች እያልኩ!»

«እኔም ሄጄ ያየሁት በሐሳቤ ይዤ የሄድኩትን ነው! ጋሼ፣ ያ ሰው ለእርስዎ የገባውን ቃል ጠብቋል! ብርድ ልብስዎን አልረሳም!»

ሹፌሩ ብርድ ልብስ የሚለውን ሲሰማ ግንባሩን ከሽቦው አስደገፈ። ጠያቂው ሁሉ የራሱን ትቶ እሱን ይጠብቃል።

«እሷስ ምን ትላለች?»

«ቤት የማይገባው ምን አድርጌው ነው እያለች ታለቅሳለች!»

«ንገሪያት!» አለ። ቀና ሲል ጢሙ ርሷል። «ረቡዕ እዚህ በር ላይ አትጠብቀኝ! ቤቷ ትሁን! በእግሬ ሄጄ በራሴ እጅ ነው የማንኳኳው!»

መርፌ ወጣች። አናጢው ከግንቡ ሥር፣ ሚኒባሱ አጠገብ ቆሟል።

«ሰማህ?» አለችው፤ ድምፅዋ ተዘግቷል።

«ያልሰማ ማን አለ? ማማው ላይ ያለው ዘብ ‹አናጢው አንተ ነህ እንዴ?› ብሎ ጠየቀኝ።»

ሊስቅ ነበር። እናቷ ደረሰችና ሳቁን ዋጠው። እናትየዋ አንዴ እሱን፣ አንዴ ልጇን አየች።

«የልጄን ገመና» አለች፣ «ከእስረኛው ሁሉ በኋላ ነው እኔ የምሰማው?» ወደ አናጢው ዞረች። «አንተ። ቅዳሜ ቤት ና። ስማኝ፣ ና አልኩ እንጂ እሺ አላልኩም።» ብላ ሚኒባሱ ውስጥ ገባች።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። የመርፌ ልብ ደስታውን ሊጀምር ሲል ያች የቆየች ቅናቷ ብቅ አለች። ዛሬ እንኳን ብትተወኝ አለች በልቧ። አልተወቻትም።

«ለምን አልጠየቅሽኝም ብለኸኛል። አሁን ልጠይቅህ። በሁለታችሁ መሀል ምንም የለም?»

አናጢው ማንም እንዳይሰማ ዞር ብሎ ሚኒባሱን አየ። 

«ልዋሽሽ ወይስ ልንገርሽ?»

«ንገረኝ።»

«በእኔ በኩል ምንም የለም። እሷ ግን አንድ ሐሙስ ክንዴን ይዛ ‹ዛሬ አትሂድ› አለችኝ። ብዙ ዓመት ብቻዋን ኖራለች፤ ሰው ናት። ትቻት ሄድኩ። ከዚያ አልቅሳ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ከደጅ ነው፤ ከደጃፍ አልፌ ገብቼ አላውቅም። ከኮሌታዬ ላይ ስታራግፍ እንኳን የማደርገው ጠፍቶኝ ነበር።»

መርፌ የሚኒባሱን በር ተደገፈች። «ለምን ነገርከኝ?»

«ስለጠየቅሽኝ። ምላስሽን አምኜ አይደለም፤ ምን እንዳደረገ አይቻለሁ። ከአንቺ ጋር መኖር ስለምፈልግ ነው። እሱ አያውቅም፤ ማንም አያውቅም። አሁን አንቺ ታውቂያለሽ።»

ወደ ማኅበሩ ሲመለሱ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ትከሻው ትከሻዋን ነክቷል። ስንት ቀን የተመኘችው ነገር ነው። እሷ ግን ያን ክንድ ታየዋለች። የትኛውን ነው የያዘችው፣ ቀኙን ወይስ ግራውን? ዓይኗ አልዋሻትም ነበር ማለት ነው፤ አንድ ነገር ነበር። ሰው እውነት ሲገኝለት ደስ ሊለው ይገባል፤ እሷን ደረቷ ውስጥ እንደ ፍም አቃጠላት። ያቺ ሴት ፊቷ ብትቆም ምን እንደምትላት አንድ በአንድ ስታሰናዳ ደረሱ።

የሹፌሩ ሚስት በማኅበሩ በር ላይ ቆማ ነበር። ዓይኗ አብጦ፣ ፀጉሯ እንደነገሩ ታስሮ፣ ለካ ስታለቅስ ከመርፌም በላይ አስቀያሚ ናት። የስፌት ክፍሉ ሴቶች ከኋላዋ ተሰብስበዋል። መርፌ ከሚኒባሱ ስትወርድ ሮጣ መጥታ ሁለት እጆቿን ያዘቻት።

«ይመጣል?»

«ይመጣል። ረቡዕ። ቤትሽ ጠብቂው ብሏል።»

ሴትዮዋ እግዚአብሔርን ስታመሰግን መሀል ላይ አቆመች። ዞር ብላ ሴቶቹን አየች፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እህቴ፣ በሞቴ ንገሪኝ። ስለ እኔ የሰማው ምንድን ነው?»

መርፌ ፍርሃቷን አየችው። ሌላ ማንም አያየውም፤ እሷ ግን አወቀችው። ያሰናዳችው ቃል ሁሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር።

«የሰማው የእኔን ውሸት ነው» አለች፣ ሴቶቹ እንዲሰሙ ጮክ ብላ። «ቀንቼብሽ ያወራሁት ነው። ይቅር በይኝ።»

«ሌላ ነገርስ?»

«ሌላ ምን አለና?»

የሹፌሩ ሚስት አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ትከሻዋ ሙቅ ነበር፤ ቅርብ ሆና ስትታይም ቆንጆ ናት። አናጢው ከሚኒባሱ በር ሆኖ ያያቸዋል። የመርፌ ቅናት የትም አልሄደም፤ እዚያው ደረቷ ውስጥ እየነደደ፣ ፍሙን እንደያዘች ሴትዮዋን አጥብቃ አቀፈቻት።